ለበጎ አድራጎት መናዘዝ ከፈለጉ

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጽፌ ነው የምተዳደረው። ኑዛዜም እጽፋለሁ። «ቤቴ ለልጆቼ፣ የባንክ ብሬ ለአረጋውያን መርጃ» የሚሉ እናቶች ይመጡብኛል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ወረቀቱን የሚጥለው ጥቃቅኑ ነገር ነው።

መጀመሪያ የራስዎን ይለዩ። ባለትዳር ከሆኑ ከጋራ ሀብቱ ግማሹ የእርስዎ አይደለምና አይናዘዙበትም። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙም ፈራሽ ነው፤ ለየብቻ ይጻፉ።

ልጆችን በዝምታ አይለፏቸው። ልጅ ከውርስ የሚነቀለው በግልጽ ተጽፎ፣ ምክንያቱም ተገልጾ ነው። ሁሉን ለድርጅት ሰጥቶ ዝም ማለት ልጆቹንም ድርጅቱንም ፍርድ ቤት ያመላልሳል። ለእኔ ገበያ ነው፣ ግን አልመክርዎትም።

የድርጅቱን ስም በምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው ያስጽፉ። «ለድሆች ይሁን» ካሉ ማን ሄዶ ይረከባል? የምስክር ወረቀቱን ኮፒ ይጠይቁ፤ ደህና ድርጅት አይከለክልም። መጠኑን ደግሞ «50 ሺህ ብር» ከማለት «ባንክ ካለኝ ገንዘብ ሩቡን» ቢሉ እመርጣለሁ። የብርን ነገር ያውቁታል።

አሁን ዋናው። ሌላ ሰው የጻፈልዎት ኑዛዜ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡ ራሱ ካልተጻፈ ኑዛዜው ዋጋ የለውም። እኔ መጨረሻው ላይ እንዲህ እላለሁ፦

«ይህ ኑዛዜ ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. በእኔ በተናዛዥና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ሁላችንም ወዲያውኑ ፈርመናል።»

ወረቀቱን ይዞ ቤት ለቤት ፊርማ መልቀም አይሆንም። አምስታችሁም አንድ ላይ ተቀመጡ። ከስጦታው የሚጠቀም ሰው፣ የድርጅቱ ሠራተኛም ቢሆን፣ ምስክር አይሁን። ውልና ማስረጃ ሄደው በሹሙ ፊት ካደረጉት ግን ሹሙን ጨምሮ ሁለት ምስክር ይበቃል። ጉልበት ካለዎት ይህን እመክራለሁ።

ሁሉንም በእጅዎ ከጻፉት ምስክር አያስፈልግም። ኑዛዜ መሆኑን ይግለጹ፤ በየገጹ ቀን ጽፈው ይፈርሙ። በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ግን ይሻራል። ፍራሽ ሥር አይደብቁት።

አስፈጻሚም ይሰይሙ፤ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይሁን። አንድ ኮፒ ለእሱ፣ አንድ ለድርጅቱ ይስጡ። ነገ ሐሳብዎ ቢለወጥ ኑዛዜውን መሻር መብትዎ ነው፤ ድርጅቱም ቢሆን አይከስዎትም።