መቅደላ አምባን እንዴት እንጎብኝ?

መቅደላ ስትሄዱ የጎንደርን ግንብ እያሰባችሁ አትውጡ። እዚያ የቆመ ቤተ መንግሥት የለም። እንግሊዞች ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አቃጥለውት ነው የሄዱት። ምሽጉ አምባው ራሱ ነው፤ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ከበሩ በቀር ሌላ አጥር ብዙም አላስፈለገውም።

መጀመሪያ ደሴ ላይ ሆናችሁ የመንገዱን ጸጥታ አጣሩ። ክረምትን ተዉት፤ ጭቃው አያሳልፍም። ጥቅምትና ኅዳር ደህና ናቸው።

ቀጥሎ በመኪና ተንታ ወረዳ፣ አጅባር ግቡና እደሩ። የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አነጋግራችሁ መንገድ መሪ ያዙ። ክፍያውን ቀድማችሁ ተስማሙ። የአገሬው ሰው ከሌለ ድንጋዩን ድንጋይ ብላችሁ ታልፋላችሁ።

በጠዋት ተነሱ። ውሃ፣ ባርኔጣና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። ቀስ በሉ፤ ዳገቱ ጉራ አይወድም።

በሩ ጋ ስትደርሱ ትንሽ ቁሙ። አሮጌ በተባለው ቦታ ከእንግሊዞች ጋር የተደረገው ጦርነት የስቅለት ዕለት ነበር። በፋሲካ ማግስት እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሽጉጡን ቀድሞ በስጦታ የላከችላቸው ንግሥት ቪክቶሪያ ነበረች፤ ነገሩ ይገርማል።

ከዚያ የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ጋ ውሰዱን በሉ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው እዚህ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከደብረ ታቦር የመጣው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። ፊት ፊቱን መንገድ እየተጠረገ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ ወጣ። ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። እጃችሁን አፉ ጠርዝ ላይ አሳርፉ፤ የብረቱ ውፍረት ያኔ ይገባችኋል። ለፎቶ ብላችሁ ግን ላዩ ላይ አትውጡ።

ብዙ ሰው የቴዎድሮስን ሞት ብቻ ጠይቆ ይመለሳል። እናንተ ስለ እስር ቤቱም ጠይቁ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ያመለጡት ከዚህ ነው። ያሳለፈቻቸው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ናት። ልጇ እዚያው እስረኛ ነበር፤ ቴዎድሮስ በንዴት ገደል አስጣሉት። እኔ እንደሚመስለኝ ወሎ ቆሞ ይህን ሳይሰሙ መመለስ ግማሽ ጉብኝት ነው።

ብራናና ጽዋ አገኛለሁ ብላችሁ ግን አትልፉ። እንግሊዞች የዘረፉት በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ሄዷል፤ ብዙው ዛሬም ብሪታንያ ነው።

9 ሰዓት ሳይሞላ መውረድ ጀምሩ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ከዳገቱ ይብሳል፣ ዱላ ያዙ።