ሼፕፋይል የሰዓት መረጃ ይበላል

የመስክ መረጃችሁን ወደ ሼፕፋይል (የካርታ መረጃ መያዣ የፋይል ዓይነት) ልትቀይሩ ነው? አንዴ ቆም በሉ።

የሼፕፋይል ሠንጠረዥ የሚቀመጠው ዲቢኤፍ በሚባል የቆየ የሠንጠረዥ ፋይል ነው። የዲቢኤፍ የቀን ዓምድ ደግሞ 8 አሃዝ ብቻ ይይዛል፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ሰዓትና ደቂቃ ቦታ የላቸውም። እኔ አንዴ የጉድጓድ ውሃ ልኬት በዚሁ አበላሽቻለሁ፤ የጠዋቱና የማታው ተቀላቅሎ ቁጭ አለ።

ከቻላችሁ ጂኦፓኬጅ የሚባለውን ሌላ የካርታ ፋይል ዓይነት ተጠቀሙ። ቀኑንም ሰዓቱንም እንዳለ ይይዛል፤ የካርታ ሶፍትዌሮቹ ኪውጂአይኤስም አርክጂአይኤስም ያነቡታል። ተቀባዩ «ሼፕፋይል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ካለ ግን፣ ኤክስፖርት ከማድረጋችሁ በፊት በሶፍትዌሩ ፊልድ ካልኩሌተር (የዓምድ ማስያ) አዲስ የጽሑፍ ዓምድ ፍጠሩ። ሙሉውን እንደ ጽሑፍ ገልብጡት፦ 2024-03-15 14:30:00። ዓመቱ ከፊት ከሆነ ሲደረደር ቅደም ተከተሉ አይፋለስም። የዓምዱ ስም ከ10 ፊደል ካለፈ ይቆረጣል፤ አጭር አድርጉት።

ሰዓቱ የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ይሁን ወይስ የአገር ቤት፣ የሆነ ቦታ ላይ ጻፉ። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። መዝጋቢው በእኛ አቆጣጠር «ከቀኑ 8 ተኩል» ብሎ ከሞላ ደግሞ 14:30 ለማድረግ 6 ሰዓት መጨመር አለባችሁ። ይሄኛውን ሶፍትዌሩ አያውቅላችሁም።