በአይጦች ላይ የተሠራ የመግነጢሳዊ መስክ ጥናት እንዴት እንደሚነበብ

በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተሸካሚ መስመር በማሳቸው ወይም በቤታቸው አጠገብ የሚያልፍባቸው ሰዎች «ይህ ነገር በምንወልደው ልጅ ላይ ጉዳት ያመጣል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ለመልስ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። በደብረ ብርሃን ያለ መምህርም ሆነ በመንዝ ገጠር የሚሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንዲህ ያለ ጥናት ሲያጋጥመው ድምዳሜውን ከማመኑ በፊት ቢመረምራቸው የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያ የሚፈጠረውን የመግነጢሳዊ መስክ መጠንና ድግግሞሽ ይመልከቱ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ)፣ የአሜሪካው ደግሞ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሁለቱም ዝቅተኛ ድግግሞሽ ይባላሉ። በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚለካው መስክ አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ማይክሮቴስላ (ማይክሮቴስላ የመስኩ ጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ከመስመሩ በራቁ ቁጥርም በፍጥነት ይቀንሳል። በቤተ ሙከራ ግን እንስሳቱ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 2000 ማይክሮቴስላ ለሚደርስ መስክ ይጋለጣሉ፤ ስለዚህ መጠኑን ሳይጠቅሱ ውጤቱን ብቻ ማውራት ሰውን ያሳስታል።

ቀጥሎ ማነጻጸሪያው ቡድን፣ ማለትም ለመስኩ ያልተጋለጡት እንስሳት፣ እንዴት እንደተያዘ ይፈትሹ። መስኩን የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ያሰማል፤ ሙቀትና ጭንቀት ደግሞ በራሳቸው ሴሎችን ሊነኩ ይችላሉ። በጥንቃቄ የተሠራ ጥናት ማነጻጸሪያዎቹን እንስሳት ሌላ ክፍል ውስጥ አይተዋቸውም፤ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ተጠቅልለው ኤሌክትሪኩ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያልፍባቸው፣ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ መስኩ እርስ በርሱ የሚጣፋበት ጥቅል ውስጥ ያስቀምጣቸዋል።

ከዚያ ጉዳቱ የተለካበትን መንገድ ያንብቡ፤ ብዙ አንባቢ የሚዘልለው ይህን ክፍል ነው። የዲ ኤን ኤ (በሴል ውስጥ የዘር መረጃን የሚይዘው ንጥረ ነገር) መበጣጠስን በሚያሳየው የኮሜት ምርመራ የእንስሳው ሴሎች በስስ ጄል ውስጥ ተደርገው በመስታወት ላይ ይዘረጋሉ፣ ሽፋናቸው ይሟሟል፣ ከዚያም ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው የተበጣጠሰው ዲ ኤን ኤ ወደ አዎንታዊው ጫፍ ተስቦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጅራት ይሠራል። ናሙናው ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ወይም ብርሃን ካገኘው ጅራቱ ያለ መስኩም ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ናሙናዎቹ ስማቸው ተሸፍኖ በኮድ ተቆጥረው እንደሆነ፣ ጉዳት ማድረሱ የታወቀ እንደ ኤክስሬይ ያለ ነገር የነካቸው እንስሳትም ለማረጋገጫ ተካትተው እንደሆነ ይጠይቁ።

አንድ ጥናት ብቻ አይበቃም። በ1997 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ላይና ናሬንድራ ሲንግ፣ ለሁለት ሰዓት ከ100 እስከ 500 ማይክሮቴስላ የተጋለጡ የአይጠ መጎጦች የአንጎል ሴሎች ላይ የዲ ኤን ኤ መበጣጠስ መጨመሩን ዘገቡ። በ2005 የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች እስከ 2000 ማይክሮቴስላ ድረስ ሞክረው እንዲህ ያለ ጭማሪ አላገኙም። የ50 ኸርዝ መስክ ጉልበት የኬሚካል ትስስርን በቀጥታ ለመበጠስ አይበቃም፤ ውጤቱን የሚደግፉት ተመራማሪዎች መንገዱ ነጻ ራዲካል በሚባሉ፣ ከሌሎች ጋር በቀላሉ በሚዋሃዱ ንጥረ ነገሮች በኩል ሊሆን ይችላል የሚሉትም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ የተነካው የትኛው ሴል እንደሆነ ይለዩ። ሴል አብዛኛውን የዲ ኤን ኤ ስብራት ራሱ ይጠግነዋል፤ የአንጎል ሴል ጉዳት ደግሞ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ለጎረቤትዎ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የወንዴና የሴቴ የዘር ሴሎችን፣ እንዲሁም የተወለዱትን ግልገሎች የመረመረ ጥናት ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 ባሳተመው ግምገማ ይህን መስክ «ካንሰር ሊያስከትል የሚችል» ከሚባለው ምድብ ያስገባው በሰዎች ላይ ከተደረጉ የሕፃናት የደም ካንሰር ጥናቶች በተገኘ ውስን ማስረጃ ሲሆን፣ የእንስሳቱን ማስረጃ በቂ አይደለም ብሎታል።

ከመስመር አጠገብ የሚኖር ሰው ጥናቱን ከራሱ ቤት ጋር ማነጻጸር ከፈለገ፣ ለ50 ኸርዝ ተለዋዋጭ መስክ በተሠራ መሣሪያ መኝታው አካባቢ ያስለካ፤ የሞባይል ኮምፓስ በዋናነት የምድርን ቋሚ መስክ ስለሚያነብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።