የግቢ ውሻ ሲሞት፦ ስለ ኀዘኑና ሌላ ስለ ማምጣት

ደሙ ሳይመለስ፣ ሞቱ ሳይጠየቅ የቀረን ሰው አማርኛ «ደመ ከልብ ሆነ» ይለዋል፤ የውሻ ደም ማለት ነው። ውሻው የሞተበት ሰው እንግዲህ ለኀዘኑ በቋንቋው ውስጥ እንኳ ቦታ አያገኝም። የዕድር ጥሩምባ አይነፋለትም፤ ድንኳን አይተከልለትም፤ ጎረቤቱም «እግዜር ያጽናህ» በማለት ፋንታ «ቡችላ ላምጣልህ?» ይለዋል። ይህ መመሪያ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻዎች በግቢ ቤት ለሚኖሩና ያን የጎረቤት ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሱ ለተቸገሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። የግቢው ጥበቃ አንድ ጉዳይ ነው፤ የልብ ኀዘን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ቡችላ ለመፍታት የሚቸኩል ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱንም ሳይፈታ ይቀራል።

በመጀመሪያው ቀን መመለስ ያለበት ጥያቄ ውሻው በምን ሞተ የሚለው ነው፤ ሬሳው እንዴት እንደሚያዝም፣ ሌላ ውሻ መቼ ሊመጣ እንደሚችልም የሚወሰነው በዚህ ነውና። ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ተለውጦ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ አቅቶት፣ የጩኸቱ ድምፅ ተቀይሮ ወይም እግሩ ሰንፎ ከነበረ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በባዶ እጅ አይንኩት። በውሻው የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ቁስሉን የተላሰ የቤተሰብ አባል ካለ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ሬሳውን ከመቅበርዎ በፊት ለአካባቢዎ የእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ፤ የእንስሳው አንጎል ተመርምሮ በሽታው የሚረጋገጥበት መንገድ አለና። ሌባ በሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጎ ወርውሮለት እንደሆነ ከጠረጠሩ ደግሞ ሬሳውን ወንዝ ዳር ወይም ሜዳ ላይ በፍጹም አይጣሉት፤ የበላው ጅብና ጥንብ አንሳ አብሮ ያልቃል።

ጉድጓዱ ቢያንስ 1 ሜትር ጥልቀት ይኑረው። በዳርቻው ብዙ ቦታ ያለው መረሬ አፈር በክረምት ጭቃ ሆኖ አካፋ ላይ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ሽታው በስንጥቁ ከወጣ ጅብ በአንድ ሌሊት ቆፍሮ ያወጣዋል። ስለዚህ ከአፈሩ ላይ ትላልቅ ድንጋዮች ይደርድሩ። ውሻውን በፌስታል ሳይሆን በአሮጌ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ከውሃ ጉድጓድም አርቀው ይቅበሩት። ተከራይ ከሆኑ አስቀድመው አከራይዎን ማስፈቀድ ይኖርብዎታል።

ከቀብሩ በኋላ የሚመጣው ኀዘን የሚያይለው በልማድ ሰዓቶች ላይ ነው፤ የውጭው በር ሲከፈት፣ ማታ ሳህን ሲጠረግ፣ ሌሊት ጅብ ሲጮኽና ከግቢው መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ። እኛ ቤት 11 ዓመት የኖረ ውሻ ከሞተ በኋላ ባለቤቴ ለሦስት ሳምንታት ያህል ከእራት በኋላ ትርፍራፊውን ይዛ እስከ በረንዳው ትወጣና እዚያ ስትደርስ ትመለስ ነበር፤ እኔም አይቼ እንዳላየ ሆኜ ማለፌን ዛሬ ስሕተት ነው እላለሁ። በእነዚያ ቀናት የሚሻለው ውሻውን የሚያውቅ አንድ ሰው ቡና ጠርቶ ስለ እሱ ማውራት ነው፤ ማንን እንደነከሰ፣ ከማን ጋር እንደተላመደ፣ የትኛውን ጫማ እንደበላ። «ለውሻ ይለቀሳል?» የሚል ሰው ይኖራልና ከእርሱ ጋር አይከራከሩ፤ ለማን እንደሚነግሩ መምረጥ ይበቃል። «ምነው ሐኪም ቀደም ብዬ በጠራሁ» የሚለው ጸጸት እንቅልፍ ከነሳዎት ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና ያደረጉትን ሁሉ ጽፈው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ራስን ከመውቀስ የቀለለ ሆኖ ይገኛል። ጸጸቱና ኀዘኑ ሳምንታት ቆይተው ምግብና ሥራ ከከለከሉዎት ግን ለጤና ባለሙያ ይንገሩ።

ለልጆች እውነቱን ይንገሯቸው። «ገጠር ሄደ» የሚለው የተለመደ ውሸት ልጁን በሩ ላይ ሲጠብቅ ያውለዋል፤ ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉት፣ ሞት መመለሻ የሌለው መሆኑን ገና ስለማይረዱ ጥያቄውን ደጋግመው ቢጠይቁ በትዕግሥት ደጋግሞ መመለስ ያስፈልጋል።

ሌላ ውሻ የማምጣት ጥድፊያ በአብዛኛው የሚነሣው ከፍርሃት ነው፤ ግቢው ባዶ ነው፣ መንደሩ ገና ያልተሞላ ነው፣ መንገዱም መብራት የለውም። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ቡችላ አይደለም። ቡችላ አንድ ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ግቢ አይጠብቅም፤ እንዲያውም በእነዚያ ወራት ጠባቂ የሚያስፈልገው ራሱ ነው፤ ሌሊት ውጭ የታሰረ ቡችላ የጅብ እራት ነው። ስለዚህ ለጥበቃው በሩ ላይ መብራት ይስቀሉ፤ ለሰፈሩ ዘበኛ የሚዋጣ ገንዘብ ካለ ይክፈሉ፤ ጎረቤትዎንም ለጊዜው ዓይኑን ወደ ግቢዎ ጣል እንዲያደርግ ይጠይቁ። ይህ ከተደረገ በኋላ የሚተርፈውን ፍላጎት ይመርምሩት። በሐሳብዎ የሚመጣው ውሻ ያው ቀለም፣ ያው ጆሮ፣ ያው ጩኸት ያለው ከሆነ የሚፈልጉት የሞተውን ነውና ይቆዩ። በግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ቀርቶ እንደሆነም እርሱ ራሱ የጠፋውን እየፈለገ ምግብ ሊቀንስ ይችላል፤ ሰዓቱን ሳይለውጡ ይመግቡት፤ አዲስ አያምጡበት።

አፈሩም የራሱን ቀጠሮ ይሰጣል። የሞተው ውሻ፣ በተለይ ቡችላ ከነበረ፣ አስመልሶትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ከሞተ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ቫይረሱም ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲሚንቶውንና ሳህኑን በደንብ አጥበው አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ያቆዩበት፤ አፈሩን ግን በዚህ ማጽዳት አይቻልም። በዚህ ግቢ መግባት ያለበት ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ብቻ ነው።

ጊዜው ሲደርስ ቡችላውን ከእናቱ ሥር አይተው ይውሰዱ፤ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት የለበትም። መንገድ ዳር ያለ ሻጭ ሁሉንም «ሁለት ወሩ ነው» ይላል። ዓይኑ የጠራ፣ ከጅራቱ ሥር ንጹሕ፣ ሆዱም እንደ ከበሮ ያልተነፋ ይምረጡ፤ የተነፋ ሆድ ብዙ ጊዜ የትል ምልክት ነው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት በየተወሰነ ጊዜ ይደጋገማል፤ የእብድ ውሻው ደግሞ በ3 ወር ገደማ ይሰጣል። ትወልዳለች ተብሎ የሚጣሉት ሴቶቹ ቡችሎች ናቸውና ለማምከን የሚከፍሉት ካለዎት ከእነርሱ አንዷን ማንሣት እኔ የምደግፈው ምርጫ ነው፤ ለጥበቃም ከወንዱ አያንሱም።

ለአዲሱ ውሻ የአሮጌውን ስም አይስጡ፤ ሰንሰለቱንም አዲስ ይግዙለት። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የእናቱ ሽታ ያለበት ጨርቅ አንጥፈው ቤት ውስጥ ያሳድሩት፤ ያላዝናል። በእነዚያ ሳምንታት ከአንዴም ብዙ ጊዜ በሟቹ ስም ይጠሩታል፤ አይደንግጡ፤ ሳህኑን በእጅዎ ካየ በየትኛውም ስም ይመጣል።