የሞተር መጋዞችን በክብደት፣ በጉልበትና በነዳጅ ፍጆታ እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

የሞተር መጋዝ ለመግዛት የሚያማርጥ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በመግለጫ ወረቀቱ ላይ በሰፈሩት ቁጥሮች ላይ ነው፤ ክብደቱ በኪሎ ግራም፣ ጉልበቱ በኪሎዋት፣ የሞተሩ መጠን ደግሞ በሲሲ (በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) ተጽፎ ይገኛል። እነዚህን ቁጥሮች ለየብቻ ማንበብ ግን ያሳስታል። ጉልበቱ ያልታወቀ መጋዝ ቀላል ነው ማለት ብዙም አይጠቅምም፤ ምን ያህል እንጨት እንደቆረጠ ሳይታወቅም ነዳጅ ቆጣቢ ነው ማለት አይቻልም።

ስለዚህ አስቀድመው ሥራውን ይወስኑ። የሚቆርጡት በአብዛኛው ቅርንጫፍና ቀጭን ግንድ ከሆነ ከ30 እስከ 40 ሲሲ ያለው ሞተር ይበቃል፤ ወፍራም ዛፍ ለመገንደስ ከሆነ ከ50 ሲሲ በላይ ያስፈልጋል። ማወዳደር ያለብዎትም በአንድ መደብ ውስጥ ያሉትን፣ ማለትም የሞተራቸው መጠን የሚቀራረበውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ክብደቱን ይመርምሩ። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ የሚጻፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ ብቻ ነው፤ ነዳጁ፣ የሰንሰለት ዘይቱ፣ ሰንሰለቱና ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበት ባር አይቆጠሩም። ለምሳሌ 4.9 ኪሎ ግራም ተብሎ የተጻፈ መጋዝ ግማሽ ሊትር ቤንዚን ሲሞላ 370 ግራም ገደማ ይጨምራል፤ ሩብ ሊትር ዘይት 230 ግራም ያህል፣ የ40 ሴንቲ ሜትር ባርና ሰንሰለት ደግሞ ከአንድ ኪሎ በላይ ሲታከልበት እጅዎ የሚሸከመው ስድስት ኪሎ ተኩል ይሆናል። ከተቻለ መጋዙን ለሥራ እንደተዘጋጀ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በፊተኛው እጀታ ብቻ አንሥተው ይመልከቱ፤ የባሩ ጫፍ ወደ መሬት በጣም ከዘነበለ፣ ሚዛኑ ያሳየው ክብደት ትንሽ ቢሆንም የእጅ አንጓዎን ቀኑን ሙሉ ያደክመዋል።

በሦስተኛ ደረጃ ክብደቱን ለጉልበቱ ያካፍሉ፤ የሚገኘው ቁጥር ባነሰ መጠን የተሻለ ነው። ጉልበቱ በፈረስ ጉልበት ከተጻፈ በ0.74 አባዝተው ወደ ኪሎዋት ይለውጡት። ስቲል ኤምኤስ 261 የተባለው መጋዝ ሞተሩ 4.9 ኪሎ ግራም፣ ጉልበቱ 3.0 ኪሎዋት ስለሆነ ለአንድ ኪሎዋት 1.6 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል፤ የዚሁ መደብ የሆነው ሁስክቫርና 550 ኤክስፒ ማርክ 2 በ5.3 ኪሎ ግራም ያንኑ 3.0 ኪሎዋት ስለሚሰጥ ወደ 1.8 ይጠጋል። መደቡን ሳይለዩ ካወዳደሩ ግን ስሌቱ ወደ ተሳሳተ ምርጫ ይመራዎታል፤ 9.9 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ስቲል ኤምኤስ 881 ባለ 6.4 ኪሎዋት በመሆኑ በዚህ ስሌት ከሁለቱም የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ቅርንጫፍ ለመመልመል ይዞት የሚውል ሰው ግን የለም።

የነዳጅ ፍጆታን በተመለከተ የነዳጅ መያዣው ትልቅነት የቁጠባ ምልክት አይደለም። ትክክለኛው መለኪያ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚነደው ግራም ነው። ባለ 3 ኪሎዋት መጋዝ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 450 ግራም የሚፈጅ ቢሆን፣ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 1350 ግራም ወይም 1.8 ሊትር ያህል ይፈጃል፤ ግማሽ ሊትሩ በ16 ደቂቃ ገደማ ያልቃል ማለት ነው። መጋዞቹ በሚሠሩበት በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ አዲሱ የነዳጅና የአየር ድብልቅ ሲገባ የጭስ መውጫው ቀዳዳ ክፍት ስለሚሆን ከፊሉ ሳይቃጠል ያመልጣል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ግን ንጹሕ አየር ቀድሞ ገብቶ ጭሱን ስለሚገፋ ብክነቱ ይቀንሳል፤ አምራቾች ቁጠባው እስከ 20 በመቶ እንደሚደርስ ይናገራሉ።

የመጨረሻው ደረጃ መጋዞቹን በእንጨት ላይ መፈተን ነው። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማና የእግር መከላከያ ሱሪ ሳይለብሱ አይጀምሩ። ለሁለቱም መጋዞች የቤንዚኑና የሞተር ዘይቱ ድብልቅ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይጨመራል። የነዳጅ መያዣውን እስከ አፉ ሞልተው፣ ከሞሉበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቀው ያስነሡ፤ ከአንድ ግንድ ላይ በእያንዳንዱ መጋዝ አሥር አሥር ክብ ቁራጭ ቆርጠው ሰዓቱን ይመዝግቡ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በመስፈሪያ እየለኩ እንደገና እስከ አፉ ይሙሉትና የገባውን ሚሊ ሊትር ለአሥር ያካፍሉ።

ከሙከራው በፊት ግን ሁለቱም ሰንሰለቶች በሚገባ መሞረዳቸውን ያረጋግጡ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት አንዱን መጋዝ ደካማና ነዳጅ በሊታ ነው ብዬ ፈርጄበት ነበር፤ ከሥሩ የሚወርደው ሰጋቱራ እንደ ዱቄት የላመ መሆኑን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ሰንሰለቱ ከተሞረደ በኋላ የሚወርደው ፍቅፋቂ ገዘፍ አለ፣ መጋዙም ሳይገፉት ወደ እንጨቱ ይሰጥም ጀመር፤ ፍርዴ ስህተት ነበር።

ውጤቶቹ ከተቀራረቡ መጋዙን በሥራ ጊዜ ማን እንደሚሸከመው ያስቡ። የወደቀ ወፍራም ግንድ ሲቆራረጥ መጋዙ ከሞተሩ ፊት ባሉት የብረት ጥርሶች ግንዱን ነክሶ ስለሚያርፍ ክብደቱን የሚሸከመው ግንዱ ነው፤ ስለዚህ ጉልበት ያለውን ይምረጡ። ቅርንጫፍ ሲመለመል ግን ክብደቱ ሁሉ በክንድዎ ላይ ስለሚወድቅ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይም ቀለል ያለውን ይውሰዱ።