ዓረፋ ሲደርስ ትከሻን ማውረድ

ደሴ ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዓረፋ ሲቃረብ የእኛ ሱቅ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቀዋል። ጨርቁ መደርደሪያው ሞልቶ ወንበር ላይ ይከመራል። ስልኩ አያርፍም። «ነገ ያሉኝ ትናንት አልነበር?» ይባላል። መብራትም የሚሄደው ልክ ያን ቀን ነው።

በዚህ ሰዓት ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ይደርሳል። ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ትንፋሼም ደረቴ ላይ ይቀራል። ሰውነት የደንበኛን ቁጣና የጅብን ድምፅ ለይቶ አያውቅም። ለሁለቱም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል፤ ልብ ይደልቃል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ከጅብ የሮጠ ሰው ሩጫው ያወጣለታል። ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠ ግን ወዴት ይሮጣል? ውጥረቱ አንገቱና ወገቡ ላይ ያድራል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል።

ይህን ውጥረት የማወርድባቸው መንገዶች አሉኝ። መጀመሪያ ትንፋሽ። መኪናውን አቁሙ፤ ሁለቱም እግር ከመርገጫው ወርዶ መሬት ይንካ። አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ሳቡ፤ ሆዳችሁ እጃችሁን ይግፋው። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ዋናው ማስወጣቱ ነው፤ ያን ጊዜ የልብ ምት ዝግ ይላል። 5 ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። ራስ ካዞራችሁ ከመጠን በላይ እየሳባችሁ ነውና ወደ ወትሮው አተነፋፈስ ተመለሱ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጡንቻን አውቆ አጥብቆ መልቀቅ ነው። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው ያስፋፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰውነት ከተፈታ አእምሮም ይከተላል። ከእጅ ጀምሩ። መቀስ እንደያዘ ሰው ጨብጡና 5 ሰከንድ ያዙ፤ ከዚያ ባንዴ ልቀቁት። ወዲያው ወደ ሌላው አትለፉ። እጁ ሲከብድ፣ ሲሞቅ ትንሽ አዳምጡት። ቀጥሎ ትከሻን ወደ ጆሮ ሰቅሎ መልቀቅ፣ መንጋጋ፣ ዓይን፣ ሆድ፣ በመጨረሻ እግር። የታመመ ቦታ ካለ እለፉት። የስፌት መኪና ክር ማጥበቂያ ከልኩ ካለፈ ክሩ እንደሚበጠስ የምናውቅ እኛ አንገታችን ላይ ሲሆን እንረሳዋለን። ሥራ የሚለምደው ልጅ መጀመሪያ ሲያየኝ «ጋሼ፣ ጂን ያዘዎት እንዴ?» አለኝ። አሁን እሱም ትከሻውን ይሰቅላል።

ሌላው አንድ ቃል መደጋገም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን አንድ ቃል ወይም ጸሎት ከትንፋሽ ጋር እየደጋገሙ መቀመጥ አተነፋፈስንና የልብ ምትን እንደሚያረጋጋ አስረድቷል። ወሎ ለዚህ አስተማሪ አያስፈልገውም። ጎረቤቴ ሙስበሃውን ይቆጥራል፤ ማዶ ያሉት እማማ መቁጠሪያቸውን። ሐሳብ ሲሸፍት አትናደዱ፣ ወደ ቃሉ መልሱት።

«ጫት ላይ ነው ፈታ የምለው» የሚለኝ ብዙ ነው። ጨዋታው ደስ ይላል፣ አልክድም። ጫቱ ግን ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቡና ላይ አልፈርድም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ከሰው ጋር መቀመጡ ራሱ ዕረፍት ነው። እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው ግን የማታውን ይተወው። ስልክ መነካካትንስ ዕረፍት ያለው ማን ነው?

ይህን ሁሉ ቀውጢ ሰዓት ላይ አትጀምሩት። ጭር ባለ ቀን፣ ወይም ከመተኛት በፊት ተለማመዱት። የተከመረውን ጨርቅም አይሰፋላችሁም። ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ «አዲስ ሥራ አንቀበልም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ይህም ትከሻ ያወርዳል።

በጦርነቱ ጊዜ ያየው ነገር እየመጣ የሚያባንነው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ሊብስበት ይችላል። እሱ ዓይኑን ከፍቶ፣ የጦሳን ተራራ እያየ ይተንፍስ። «አብሽር» ብለን ብቻ አንተወው፤ ጤና ጣቢያ አብረነው እንሂድ። ደረት የሚወጋው፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰውም እንዲሁ።

ጊዜ የለኝም ለምትሉ፣ ካውያው እስኪግል ያለው ጊዜ ለትንፋሹ ይበቃል። መብራት ሄዶ የከሰል ካውያ ከሆነ ደግሞ ለጡንቻውም ይተርፋል።