የኮንሰርት ቅጂ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር

ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ካሴት እየተዋስኩ በባዶ ካሴት እቀዳ ነበር። ዘፋኙ ከዚያ ሳንቲም እንደማይደርሰው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አሁን አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ የኮንሰርት ቅጂ እሰበስባለሁ፤ የምወስደው ግን ባንዶቹ የፈቀዱትን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ፈቃዱን አንብቡ። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ለሚቀዱ አድማጮች የራሳቸው ቦታ ለየላቸው። ቅዱ፣ ተለዋወጡ፣ አትሽጡ ነው ነገሩ። ያኔ ጀማሪው ባዶ ካሴትና የመልስ ቴምብር ይልካል፣ ነባሩ በነፃ ይቀዳለታል። ዛሬ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው ነፃ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የፈቀዱ ባንዶች ኮንሰርት የሚቀመጥበት ክፍል አለ። እዚያም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። የግሬትፉል ዴድን ብታዩ፣ አድማጭ በማይክ የቀዳውን ማውረድ ትችላላችሁ፤ ከመድረኩ የድምፅ ማቀላቀያ (ሚክሰር) በቀጥታ የተወሰደው ግን እዚያው ለመስማት ብቻ ነው።

ስታወርዱ ፍላክ (FLAC) የሚባለውን የፋይል ዓይነት ምረጡ። ከድምፁ ምንም ሳይጥል ነው ፋይሉን የሚያሳንሰው። ኤምፒስሪ ከድምፁ የተወሰነውን ይጥላል፤ መልሳችሁ ፍላክ ብታደርጉትም የተጣለው አይመለስም። ለስልካችሁ ወደ ኤምፒስሪ ቀይሩት፣ ለሌላ ሰው ግን ዋናውን ስጡ።

አብሮ የሚመጣውን የጽሑፍ ፋይል በጭራሽ አታጥፉ። ቀኑ፣ አዳራሹ፣ ማይኩ፣ ማን እንደቀዳው እዚያ ነው ያለው። እኔ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ አጥፍቼ፣ ዛሬም የትና መቼ እንደተቀዱ የማላውቃቸው ቅጂዎች አሉኝ። የቀጂውን ድካም ማጥፋት ነው፣ ያሳዝነኛል።

ቅጂው ነፃ ስለሆነ ሙዚቀኛው በነፃ ይኖራል ማለት አይደለም። የኔ ልማድ እንዲህ ነው፦ አንድ ኮንሰርት ሦስት ጊዜ ከሰማሁ የባንዱን አልበም እገዛለሁ። ሙዚቀኞች ሥራቸውን በሚሸጡበት ባንድካምፕ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከዲጂታል ሽያጭ ድርጅቱ የሚወስደው በአብዛኛው 15 በመቶ ነው። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው የአንጋፋው ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ሥራዎችም እዚያ ይሸጣሉ።

ራሳችሁ ልትቀዱ ካሰባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ። ባለፈው እዚህ ምግብ ቤት አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አስፈቀድኩ። «ቅዳ፣ ለኔም ላክልኝ» አለኝ። በማግስቱ ላክሁለት። ለሌላ ሰው ስለመስጠት ግን አልተነጋገርንም፤ እስካሁን ለማንም አልሰጠሁም።